ብረት የሚፈታ ጎረቤት

መኪናዋ ግቢያችን የገባችው በሁለት በሬ ተጎትታ ነው። ከፊቷ የጠፍር ገመድ ታስሮላታል፤ ገመዱ ከቀንበሩ ተያይዟል፤ አንድ ገበሬ በሬዎቹን በቀስታ ይነዳል። መሪውን የጨበጠው ሰው ባርኔጣውን እንደ ደፋ፣ መኪናዋ በራሷ የምትሄድ ይመስል፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ጎረቤቶቻችን ከአጥሩ ወዲያ ቆመው ያዩ ነበር።

«እነሆ፣ ጣሊያን ጠምዶ ሊያርስ ነው» አለ አንዱ ቀስ ብሎ።

የሳቀ አልነበረም። መሪውን የጨበጠው ጣሊያን ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይሳቅ ነበር። የጨበጠው ግን አስተርጓሚው ነበር።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከገባ ሦስተኛው በጋ ነው፣ ወሩ ኅዳር። በከተማው ከምሽጉ አዛዥ ከካፒቴኑ ይልቅ የሚፈራው ይህ አስተርጓሚ ነበር፤ ካፒቴኑ እኛን የሚያውቀን በእሱ አፍ ብቻ ነበርና። ከሌላ አውራጃ የመጣ ይሁን እንጂ የኛው ሰው ነው። አማርኛው ከብዙዎቻችን ይሻላል። ሰው ሲናገር ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥና ከተናገሩት ሁሉ አንዲት ቃል መርጦ ያነሣል። ያቺ ቃል ጣሊያንኛ ሆና ስትወጣ ምን እንደምትሆን ማንም አያውቅም።

መኪናዋ የራሱ ነበረች፤ ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ መኮንን ትቶለት የሄደ ትንሽ ጥቁር መኪና። በምሽጉ ውስጥ ያለው ጋራዥ ግን የአገሬውን ሰው መኪና አንነካም ብሎታል። ነገሩ እንዳሳፈረው ያወቅሁት ሳንጠይቀው ሁለት ጊዜ ስለነገረን ነው። ወደ እኛ የመጣው አጎቴን ብሎ ነው። አጎቴ የእናቴ ወንድም ነው፤ ከወረራው በፊት አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ መኳንንት ሾፌር ነበረ፣ ሞተር ፈታትቶ መግጠም ያውቃል። ቀኝ እጁ ግን ሥራ ከፈታ ቆይቷል። ሞተር ሲያስነሣ የማስነሻው ብረት ተመልሶ መትቶት ሁለት ጣቱን ወስዶበታል፤ የቀሩትም አይጨብጡም። ስለዚህ ዕውቀቱ የእሱ፣ እጁ የእኔ ሆነ።

እኔ ያን ጊዜ ሀያ ዓመት አልሞላኝም። ቅኔ ቤት አራት ወር ተቀምጬ ወጥቻለሁ፤ የኔታ ችኩልነቴን አልወደዱትም፣ እኔም ዝምታቸውን አልወደድሁትም። ከዚያ ወዲያ ራሴን በራሴ አስተማርሁ። ለቅሶ ቤት የሚወርደውን ሙሾ፣ ገበያ የሚዘፈነውን፣ ጨው የተጠቀለለበትን ወረቀት ሳይቀር እየሰማሁና እያነበብሁ ግጥም ለመድሁ። ቤት የሚመታ ነገር ከአፌ ካልወጣ ቀኑ የዋለ አይመስለኝም ነበር።

አስተርጓሚው ከመኪናዋ ወርዶ ጫማውን በሣር ጠረገ። ከዚያ ስለ ወንድሜ ተናገረ።

ታላቅ ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ገበያ ላይ ሲፈተሽ ከኪሱ ባዶ የጥይት ቀለህ ወጣ። መርፌ ማስቀመጫው ነበር። አፉን የደፈነበትን ጨርቅ አውጥቶ መርፌዎቹን መዳፉ ላይ ዘረገፋቸው፤ መርፌዎቹን ያየ ግን አልነበረም፣ ቀለሁን ብቻ አዩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሽጉ ውስጥ በእግር ብረት ነው።

«ቅዳሜ ጧት» አለ አስተርጓሚው፣ «እስረኞቹ በካሚዮን ወደ ደጀን ይወርዳሉ። ከደጀን ዓባይን ይሻገራሉ። ከዚያ ወዲያ ወዴት እንደሚሄዱ እኔም ጠይቄ አላውቅም፤ የተመለሰ ሰው ግን አላየሁም። ዝርዝሩን የምጽፈው እኔ ነኝ። ዓርብ ከቀትር በኋላ ይህችን መኪና እየነዳሁ ከዚህ በር ከወጣሁ፣ የልጁ ስም አይኖርበትም።»

እናቴ እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል በእጁ ከለከላት።

«ካፒቴኑ ቢጠይቅዎትስ?» አለ አጎቴ።

«ካፒቴኑ ስም አያነብም። ቁጥር ነው የሚቆጥረው። አሥራ ሁለት ብዬዋለሁ፣ አሥራ ሁለት ያገኛል።»

ይህን ሲል እኔ የማየው የመኪናዋን የተሰነጠቀ መስተዋት ነበር። እናቴም የሰማችው «አይኖርበትም» የሚለውን ብቻ ይመስለኛል።

ቀኑ ረቡዕ ነበር።

እሱ እንደ ሄደ አጎቴ የሞተሩን ዘይት በግራ እጁ ጣት ነክቶ ለፀሐይ አሳየው። ዘይቱ አጓት መስሏል።

«ውሃ ገብቶበታል» አለ። «በሞተሩና በክዳኑ መካከል የምትነጠፍ አንዲት ስስ ነገር አለች፤ ተቃጥላለች። አዲሷን ይዞ መጥቷል፣ እግዜር ይስጠው። ክዳኑን እናነሣለን፣ አሮጌዋን አውጥተን አዲሷን እናነጥፋለን፣ መልሰን እንገጥማለን። የአንድ ቀን ሥራ ነው።»

«ሁለት ቀን ተኩል አለን ማለት ነው» አልሁ።

«ብሎኖቹ እሺ ካሉ።»

ክዳኑን የያዙት አሥራ አራት ብሎኖች ነበሩ። ረቡዕ ፀሐይ ሳትጠልቅ ዘጠኙ ወጡ፤ ሐሙስ ጧት ደግሞ አራቱ። የመጨረሻው፣ ከሾፌሩ ወንበር በኩል በማዕዘኑ ላይ ያለው፣ እምቢ አለ። መፍቻውን አግብቼ ክንዴ እስኪንቀጠቀጥ ሳብሁ። ላምባ አፈሰስንበት፣ ጠብቀን እንደገና ሳብሁ። አጎቴ እንደ ነገረኝ የብሎኑን ራስ በመዶሻ ቀስ እያልሁ ዙሪያውን መታሁት። ትንሽ ወደሚጠብቅበት አዙሬ እንደገና ወደሚፈታበት ሞከርሁ። መፍቻው አንሸራቶ ጉልበቴን ከመኪናዋ ጎን ጋር አጋጨኝ፤ ብሎኑን ሰይጣን እንኳ ሰምቶ የማያውቀው ስድብ ሰደብሁት።

«አትሳደብ» አለ አጎቴ። «ጠርዙ እያለቀ ነው። አንድ ጊዜ እንዲህ ካንሸራተተ መፍቻው የሚይዘው አያገኝም። ኃይለኛ ሆነህ ብትስበው ደግሞ አንገቱ ይቆረጥና ውስጥ ይቀራል። ውስጥ ከቀረ የሚያወጣው አዲስ አበባ እንጂ እዚህ የለም።»

«ከቀረስ?»

አጎቴ ቀና አለ። ወደ ምሽጉ አቅጣጫ ነው ያየው። ምሽጉ ካለንበት ይታያል፤ ባሕር ዛፎቹ ተቆርጠው ኮረብታው ራቁቱን ቀርቷል።

ያን ሰዓት እናቴ ለወንድሜ ስንቅ ይዛ ምሽጉ በር ሄዳ ነበር። በየቀኑ ትሄዳለች፤ ዘበኛው አገልግሉን ይቀበላታል፤ በማግስቱ ባዶውን ይመልስላታል። ማን እንደ በላው አታውቅም። ከታሰረበት ቀን ጀምሮ አንድ ስለት ተስላለች፤ ልጄ ቢፈታልኝ በቁመቱ ልክ ጧፍ አገባለሁ ብላ። የወንድሜ ራስ የቤታችንን ጉበን ይነካል፤ ሲገባ ሁልጊዜ ጎንበስ ይላል። ስለዚህ ክሩን ከጉበኑ እስከ ደፉ ለክታ፣ ሰም እያቀለጠች እየደራረበች፣ ቢጫ ረጅም ጧፍ ሠራችና ምሰሶው ላይ ቀጥ አድርጋ ሰቀለችው። ወደ ውስጥ በገባን ቁጥር እዚያው ቆሞ እናገኘው ነበር።

«ቀጥቃጩን ጥራው» አለ አጎቴ በመጨረሻ።

ቀጥቃጩ ከአጥራችን በታች የሚኖር ጎረቤታችን ነው። ማረሻችንን፣ ማጭዳችንን፣ የእናቴን ቢላዋ የሠራው እሱ ነው፤ ከግቢያችን ግን ገብቶ አያውቅም። የተሠራውን ዕቃ አጥር ላይ ያኖርልናል፣ እኛም ዋጋውን አጥር ላይ እናኖራለን። ዓይኑን ይፈሩታል። እሱ በመንገድ ሲያልፍ እናቴ የሊጥ ማሰሮ ትከድን ነበር። ስጠራው ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ።

«ወደ ግቢያችሁ? እናትህ ታውቃለች?»

«የለችም። የወንድሜ ነገር ነው፣ አያ።»

ሌላ አልጠየቀኝም። ወናፉን ትከሻው ላይ ጣለ፣ ጉጠቱንና ሁለት ብረት ያዘ፣ መጣ። መኪናዋን ዙሪያዋን አይቶ ብሎኑ ላይ ጎነበሰ። በአውራ ጣቱ ጥፍር ጠርዙን ዳሰሰው።

«ይኸ ከሚስቴ ይብሳል» አለ። «እልኸኛ ነው። ማነው እንዲህ ያጠበቀው?»

«ፈረንጅ» አለ አጎቴ።

«ፈረንጅ የያዘውን መልቀቅ አያውቅ።» ሳቀ። ጥርሱ ነጭ ነበር፤ ሲስቅ ከቅርብ አይቼው አላውቅም ነበር።

ቤንዚኑን ቀድተን ራቅ አደረግነው። ቀጥቃጩ ከመኪናዋ አሥር ርምጃ ራቅ ብሎ ከሰል አቀጣጠለና ወናፉን ነፋ። አንደኛው ብረት እንደ በርበሬ ሲቀላ በጉጠቱ አንሥቶ ብሎኑ ራስ ላይ አኖረው። ሲበርድ ሁለተኛውን አመጣ። ይህን ስድስት ሰባት ጊዜ አደረገ። ከዚያ ከጎነበሰበት አንገቱን ብቻ አዙሮ፦

«አሁን ሰም አምጣ» አለኝ።

«ምን ሰም?»

«የንብ ነዋ! ሲሞቅ ብረቱ አብጧል፤ ሲበርድ ሲጨማደድ በመካከሉ ቀጭን መንገድ ይከፈታል። ላምባው ይተናል፣ አይደርስም። ሰም ግን እንደ ውሃ ገብቶ እዚያው ይቀመጣል። ቶሎ በል፣ ሙቀቱ ሳይሄድ።»

ቤት ውስጥ የነበረን ሰም ምሰሶው ላይ የተሰቀለው ብቻ ነበር።

ገብቼ ፊቱ ቆምሁ። ዛሬም ይህን ስጽፍ ምን ያህል ጊዜ እንደ ቆምሁ አላውቅም። ከውጭ «ኧረ ምን ሆነህ ነው!» የሚል የአጎቴን ድምፅ ሰማሁ። ቢላዋውን አንሥቼ ከታች በኩል አንድ ክንድ የሚያህል ቆረጥሁ። ከላይ አልነካሁም። ከራሱ በኩል መቁረጥ አስፈራኝ፤ ከእግሩ በኩል ይሻላል ብዬ ነው።

ቀጥቃጩ ጧፉን ሲያይ እጁን አልዘረጋም።

«ይኸ የማን ነው?»

«የቤት ነው።»

ዓይኔን አየኝ። ከዚያ ተቀበለኝ። የጧፉን ጫፍ የጋለው ብሎን አንገት ላይ ሲያስነካው ሰሙ ቀልጦ ዙሪያውን ፈሰሰና ወደ ውስጥ ተመጠጠ፤ ብሎኑ የጠማው ይመስል ነበር። ግቢው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ሸተተ። አጎቴ ሳያስበው አማተበ።

«ሳበው» አለ ቀጥቃጩ። «በቀስታ። ተው፣ በትከሻህ አይደለም። በክብደትህ።»

ሳብሁ። ምንም። እንደገና ሳብሁ። ከብረቱ ውስጥ እንደ አሮጌ በር ያለ ረጅም ሲቃ ወጣ፤ አንገቱ ተቆረጠ ብዬ ነበር። መፍቻው ግን ከእጄ ጋር ዞረ። ሩብ ዙር፣ ከዚያ ግማሽ።

«ተፈታ!» ብዬ ጮኽሁ። «ተፈታ! ተፈታ!»

ከአጥሩ ወዲያ እልልታ መለሰልኝ።

እናቴ ነበረች። ከምሽጉ ስትመለስ በር ላይ ደርሳ ድምፄን ሰምታለች። አገልግሉን መሬት ላይ ጥላ፣ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ እልል እያለች ገባች፤ ሁለት ሦስት ጎረቤቶችም ከየቤታቸው ወጥተው ተቀብለዋታል። «የት አለ? የት አለ ልጄ? በየት በኩል አለፈኝ?» ትላለች።

መፍቻውን እንደ ያዝሁ ቀረሁ።

«እማዬ» አልሁ፣ «ብሎኑ ነው።»

እልልታው አንድ በአንድ ቆመ። መጨረሻ የቆመው ከሩቅ፣ ነገሩን ያልሰማች አንዲት ሴት ያሰማችው ነበር። እናቴ እጇን አወረደች። መኪናዋን አየች፣ ቀጥቃጩን አየች፣ በቀጥቃጩ እጅ የቀረውን የጧፍ ቁራጭ አየች። ወደ ቤት ገብታ ተመለሰች። ትመታኛለች ብዬ ነበር። አልነካችኝም።

«ከየት በኩል ነው የቆረጥኸው?» ብቻ አለችኝ።

«ከታች።»

ቀጥቃጩ ከመሬት ቀና ሳይል ተናገረ። «አይዘኑ፣ እመቤቴ። ይኸ ከተፈታ ያኛውም ይፈታል።»

እናቴ ወደ ውስጥ ገባች። ከዚያ ሹሮ አቀረበች፤ በውጭ አይደለም፣ ቤት ውስጥ፣ የኛው ሞሰብ ላይ። ጎረቤቶቹ ተያዩ። «ይቁረሱ» አለችው። እሱን አንቱ ስትለው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ጎንበስ ብሎ ገብቶ ደፉ አጠገብ ተቀመጠ፤ ሦስት ጉርሻ ያህል በላና ምስጋናውን ሳይጨርስ ወናፉን ይዞ ሄደ። የእጁን የጥላሸት አሻራ ሞሰቡ ጠርዝ ላይ ትቶ ነበር። እናቴ አልጠረገችውም።

ዓርብ ጧት የክዳኑን ገጽ በቢላዋ ጀርባ ፋቅን፤ አዲሷን ንጣፍ አነጠፍን፤ ብሎኖቹን አጎቴ በሚነግረኝ ተራ አጠበቅሁ። ያን እልኸኛ ቀጥቃጩ ጠርዙን በሞረድ አስተካክሎ አጥሩ ላይ አኑሮልን ነበር። ሲገባ እንደ ቅቤ ገባ። ውሃና ዘይት ሞላን። አጎቴ በግራ እጁ፣ እኔ በሁለት እጄ ማስነሻውን አዞርነው፤ በአራተኛው ላይ ሞተሩ አስነጠሰ፣ በአምስተኛው ላይ ተነሣ። ዶሮዎቹ ተበተኑ። አጎቴ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ሰጠና «እንደ ሰዓት» አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

አስተርጓሚው ባለው ሰዓት መጣ። ሞተሩን ጥቂት አዳመጠ። ፊቱ እንደ ልጅ ፊት ፈካ። ሰው መሰለኝ፤ ይህን መደበቅ አልችልም። ፈርቼው የቆየሁትን ሰው ደስ ስላሰኘሁት ደስ አለኝ።

«ጋራዥ ያላቸው ፈረንጆች አንድ ሳምንት ይፈጃል ያሉትን» አለ። «እንዴት አድርጋችሁ ነው?»

አጎቴ «በእግዚአብሔር ቸርነት» አለ፣ ነገሩ በዚያ እንዲዘጋ ፈልጎ።

እኔ ግን ከሐሙስ ጀምሮ ያዘጋጀኋት ሁለት መስመር ነበረችኝ። ሌሊቱን ሳገላብጣት አድሬያለሁ። ስለ ብሎኑ ናት፤ ግን ስለ ብሎኑ ብቻ እንዳትሆን አድርጌ ነው የሠራኋት፣ ሰሚ ሁለት ጊዜ እንዲያስብባት። ለማን ልበላት? ግጥም ሰሚ ይፈልጋል፣ ከፊቴ የቆመው ደግሞ በከተማው ካሉት ሁሉ ቃል የሚያውቅ ሰው ነው።

«አንድ እልኸኛ ብሎን ነበረ፣ ጌታዬ። ጎረቤታችን ቀጥቃጭ ነው የፈታው» አልሁና ደረቴን ነፍቼ እንዲህ አልሁ፦

ፈረንጅ ያጠበቀው ብረት ቢያስቸግር፣
እሱ ይፈታዋል፣ ጎረቤቴ ይኑር።

አስተርጓሚው ዓይኑን ጨፈነ። ሞተሩ ይጮኻል። ዓይኑን ሲገልጥ ፈገግ ብሎ ነበር።

«ድገምልኝ።»

ደገምሁለት። አጎቴ እግሬን ረገጠኝ፤ ያን ጊዜ ያልገባኝ በሞተሩ ድምፅ ስለሰከርሁ ነው።

«ብረት ይፈታል አልኸ?» አለኝ።

«ብሎን ማለቴ ነው።»

«ያልኸው ብረት ነው። ጥሩ ነው። ሁለት ፍቺ አለው።» ከኪሱ ትንሽ ደብተር አውጥቶ ጻፈው። «ጎረቤትህ ስሙ ማነው?»

ስሙን ነገርሁት።

መኪናዋ ከበራችን ወጥታ ድምፅዋ እስኪጠፋ አጎቴ ከቆመበት አልተነቃነቀም። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ፦

«አንተ» አለኝ፣ «ብረት በዚህ ዘመን ምን ማለት ነው?»

ጠመንጃ ማለት ነው። ለሁሉም ሰው፣ ለሕፃን እንኳ። ብረት ያነሣ፣ ብረት ያስረከበ፣ ብረት የተገኘበት እየተባለ ነው የምንኖረው። ለአርበኞች ጠመንጃ የሚፈታታና የሚጠግን ቀጥቃጭ ደግሞ ጣሊያን ከአማኑኤል እስከ ደጀን የሚያድነው ሰው ነው። እኔ ሁለተኛ ፍቺ ያልሁት ሌላ ነበር፤ እስረኛ፣ እግር ብረት፣ ወንድሜ። አስተርጓሚው ያገኘው ሦስተኛውን ነው።

«ሄጄ ልንገረው» አልሁ።

«ምን ብለህ? ወዴትስ ይሄዳል፣ ሚስትና ልጆች ይዞ? ምናልባት ግጥሙን ወዶት ይሆናል።» አጎቴ ይህን ሲል አላየኝም። እኔም ያ «ምናልባት» በቂ ሆኖልኝ ተቀመጥሁ። ወናፉ ከአጥሩ ወዲያ እስኪመሽ ሲነፋ እሰማው ነበር።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ካሚዮኑ ከምሽጉ ወጥቶ በደጀን መንገድ ሲሄድ አቧራውን ከግቢያችን አየነው። እናቴ አቧራው እስኪወርድ ከአጥሩ አልራቀችም። ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ወንድሜ በሩ ላይ ታየ።

እልል ያለ አልነበረም። በዱላ ተደግፎ ነበር የመጣው። እግር ብረቱ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቆርጦት ቁስሉ አመርቅዟል፤ ግራ እግሩን ይጎትታል፣ ጀርባው አይቃናም። ቤት ሲገባ ጎንበስ አላለም። ራሱ ጉበኑን አልነካም። እናቴ ጉበኑን አየች፣ ከታች የተቆረጠውን ጧፍ አየች፣ ከዚያ እግሩ ሥር ቁጭ ብላ ቁስሉን በሞቀ ውሃ ማጠብ ጀመረች። ስለ ጧፉ ያን ቀንም ሆነ ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀትር ላይ የቀጥቃጩ ሚስት መጣች። በር ላይ ቆመች፤ እንድትገባ እናቴ እስክትጠራት አልተራመደችም።

«እንኳን ተፈታላችሁ» አለች። «ወሬውን ሰምቼ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን።»

«አሜን፣ እትዬ» አለች እናቴ።

«የኔን ሰውዬ ደግሞ ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ጠሩት። ከምሽጉ ሁለት ሰዎች መጥተው ‹ብረት የሚፈታው አንተ ነህ?› አሉት። ‹እኔ ነኝ› አላቸው፣ ደስ ብሎት። ሌላ መኪና ተበላሽቶባቸው መሰለው። ወናፉንም ጉጠቱንም ይዞ ነው የሄደ። ‹ሲመሽ እመለሳለሁ፣ ከሰል አዘጋጂ› ብሎኛል። አሁን አንድ ሰው ካሚዮኑ ላይ አየሁት አለኝ። ተሳስቶ ይሆናል እንጂ ለሥራ የጠሩትን ሰው እንዴት ይጭኑታል?»

አጎቴ ተነሥቶ ወደ ጓሮ ወጣ። ካፒቴኑ አሥራ ሁለት ቆጥሯል።

ሴቲቱ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ቃል ታውቃለህ አሉኝ። ለአስተርጓሚው ማመልከቻ ጻፍልኝ። ደህና አድርገህ፣ እንዲራራ አድርገህ። አንተ የጻፍኸውን ይሰማል አሉ።»

ወረቀትና ቀለም አመጣሁ። እጄ ውስጥ ያሉት ቃሎች ሁሉ ያን ቀን ሁለት ሁለት ስለት ነበራቸው። «ብረት» ብዬ ልጽፍ አልቻልሁም። «ይፈታልኝ» ብዬ ጽፌ ሰረዝሁት፤ ቄስ ለሞተ ሰው የሚያደርሰው ፍታትም ከዚያው ነው የመጣ። ሦስት ወረቀት አበላሸሁ። ሴቲቱ እኔ ስጽፍ ትንፋሽዋን ይዛ ታይ ነበር፤ ይህን ያህል የደከምሁት ነገሩን ላሳምርላት መስሏታል። በመጨረሻ የቀረው ይህ ነው፦ ባሌ ማረሻና ማጭድ ይሠራል። ሌላ ነገር አይሠራም። ሐሙስ ዕለት የርስዎን መኪና ሲጠገን ረድቷል። ልጆች አሉን። ወደ ቤቱ ይመለስልኝ።

ማመልከቻውን ይዤላት ሄድሁ። አስተርጓሚው ምሽጉ በር ላይ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጦ፣ ሞተሩን እያስነሣ እያጠፋ ነበር። ወረቀቱን በመስኮት ሰጠሁት። አነበበው፤ ገልብጦ ጀርባውን አየ።

«ያንተ ነው?»

«አዎ፣ ጌታዬ። የዓርቡ ግጥም እኮ ስለ ብሎኑ ነበር። በማርያም፣ ስለ ብሎኑ ብቻ ነበር።»

«ይህኛው ቤት አይመታም» አለኝ። አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። «ካሚዮኑ አሁን ደጀን አልፏል። ለወንድምህ እንኳን ደስ ያለህ በልልኝ።»

መኪናዋን አስነሥቶ ሄደ። ሞተሩ እንደ ሰዓት ነበር። ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ በመንገዳችን ባለፈች ቁጥር ድምፅዋን ከሌላው ለይቼ አውቀው ነበር፤ ያጠበቅሁት እኔ ነኝ። ቀጥቃጩ አልተመለሰም። ሚስቱም ጥቂት ወራት ጠብቃ ልጆቿን ይዛ ወደ ወላጆቿ አገር ሄደች።

የዚያን ቅዳሜ ስመለስ እናቴን የቤታችን በር ላይ ቆማ አገኘኋት። በእጇ አዲስ የተፈተለ ክር ይዛለች። ጫፉን ጉበኑ ላይ ትይዛለች፣ ታወርደዋለች፣ እንደገና ትይዛለች። ሴቲቱ ከአጥሩ በታች በከሰሉ አጠገብ ቁጭ ብላ ትታያለች።

«የሰውዬው ቁመት እስከ የት ነበር?» አለችኝ እናቴ።

ለማስታወስ ሞከርሁ። አጥሩ አጠገብ ቁጭ ሲል በሐሳቤ አየሁት፤ ብሎኑ ላይ ሲጎነብስ፣ ወናፉን ሲነፋ፣ ደፉ አጠገብ ሲቀመጥ። አጎቴንም ወንድሜንም ጠየቅን። እዚህ ግቢ ውስጥ ቀጥ ብሎ ሲቆም ያየው ሰው አልነበረም።